የአዋሽን ውሃ በዕቅድ ለማሠራት የተነሡት ንጉሠ ነገሥት

በቀፊራ ገበያ የሚራገፈው ሽንኩርት፣ ቲማቲምና ፍራፍሬ አብዛኛው ያለ መስኖ የማይታሰብ ነው። በገበያው አቅራቢያ የሚያልፈው የደቻቱ ወንዝ ግን አብዛኛውን የዓመቱን ጊዜ አሸዋ ብቻ ሆኖ ይከርማል። ሰው በእግሩ ይሻገረዋል፤ ነጋዴም ዕቃውን ይዘረጋበታል። በደንገጎና በአካባቢው ደጋ ከባድ ዝናብ የጣለ ቀን ግን ነገሩ ሁሉ ይለወጣል። ከተማዋ ላይ አንድ ጠብታ ሳይወርድ፣ ድንጋይና ግንድ የሚያንከባልል ጎርፍ በጥቂት ሰዓታት ውስጥ ሊደርስ ይችላል። ሐምሌ 29 ለ30 ቀን 1998 ዓ.ም. አጥቢያ የደረሰው ጎርፍ ከ250 በላይ ሰዎችን ገድሎ ሺዎችን ከቤት ንብረታቸው ማፈናቀሉን የድሬዳዋ ነዋሪ አይረሳውም።

የደረቅ ቆላ ገበሬ ችግር እንግዲህ ሁለት መልክ አለው። በበጋ ውሃ ያጣል፤ በክረምት ደግሞ ያው ውሃ ማሳውን ጠርጎ ይወስድበታል። መስኖንና ጎርፍ መከላከልን በአንድ ዕቅድ አስተሳስሮ አንድን ሸለቆ ከላይ እስከ ታች ለማልማት በአገራችን በስፋት የተሞከረው በአዋሽ ተፋሰስ ነው። የደቻቱ ተፋሰስም የዚሁ የአዋሽ ተፋሰስ ምሥራቃዊ ክፍል ነው። ሥራው የተጀመረው በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዘመነ መንግሥት ሲሆን፣ ንጉሠ ነገሥቱ ደግሞ ተወልደው ያደጉት ከዚሁ ከድሬዳዋ በላይ ባለው ደጋ ነው። የዕቅዱ ስኬትም ሆነ ጉድለት ዛሬ የመስኖና የተፋሰስ ልማት ለሚያቅድ ሁሉ ትምህርት የሚሆን በመሆኑ፣ የእኝህን ሰው ሕይወት ከውሃ ጋር በተያያዘ መልኩ መመልከት ተገቢ ነው።

ከሐረር ደጋ እስከ ድሬዳዋ ቆላ

ተፈሪ መኮንን የተወለዱት ሐምሌ 16 ቀን 1884 ዓ.ም. በሐረርጌ ኤጀርሳ ጎሮ ነው። አባታቸው ልዑል ራስ መኮንን የሐረር ገዥ ነበሩ። እናታቸው ወይዘሮ የሺእመቤት ዓሊ ልጃቸው ሁለት ዓመት ሳይሞላው ስላረፉ ተፈሪ እናታቸውን ሳያውቁ አደጉ። በሐረር ከቤተ ክህነቱ ትምህርት ጋር የፈረንሳይኛ ቋንቋ ተማሩ። ካስተማሯቸው መካከል አባ ሳሙኤል የተባሉት መምህር ይገኙበታል።

ልጅነታቸው የምድር ባቡር ወደ አካባቢው ከገባበት ዘመን ጋር የተገጣጠመ ነው። ከጅቡቲ የተነሣው ሐዲድ ወደ ሐረር ደጋ ለመውጣት ቀጥ ያለው ተራራና ወጪው ስላልፈቀዱለት መስመሩ በቆላው በኩል እንዲያልፍ ተወሰነ። ታኅሣሥ 1895 ዓ.ም. ባቡሩ ሲደርስ ድሬዳዋ እንደ ከተማ ተቆረቆረች። ከተማዋ የተቀመጠችው በደጋውና በሜዳው መጋጠሚያ፣ ወንዞች ከተራራ ወርደው ውሃቸውን በሚበትኑበት ቦታ ነው። በአንድ በኩል ከዚራ፣ በሌላ በኩል መጋላ፣ በመካከላቸው ደግሞ ደቻቱ ሆነ። የባቡሩን ጉዞ ያቀለለው ሜዳ የጎርፉም መንገድ ነበር፤ የዚህ ውሳኔ ዋጋ የታየው ግን ዘግይቶ ነው።

ራስ መኮንን መጋቢት 1898 ዓ.ም. በቁልቢ አረፉ። ተፈሪ በ13 ዓመታቸው የደጃዝማችነት ማዕረግ ያገኙ ሲሆን፣ በሰላሌ፣ በባሶና በሲዳሞ ተሹመው ከሠሩ በኋላ በ1902 ዓ.ም. የአባታቸውን ግዛት ሐረርን ተረከቡ። ድሬዳዋም በዚሁ ግዛት ሥር ነበረች። በዚህ ዘመን ውሃ የወጣቱን ገዥ ሕይወት ለማጥፋት ጥቂት ቀርቶት ነበር። በ1907 ዓ.ም. በሐረማያ ሐይቅ ላይ ከሰዎች ጋር በጀልባ ሲሄዱ ጀልባዋ ተገልብጣ ተፈሪ በመከራ ሲተርፉ፣ መምህራቸው አባ ሳሙኤልና ሌሎችም አብረው የነበሩ ሰዎች ሰጥመው ሞቱ።

ያን ጊዜ ሰው ለማስጠም የበቃው የሐረማያ ሐይቅ በ1990ዎቹ አጋማሽ ደርቆ ከብት የሚሰማራበት ሜዳ ሆኖ እንደነበር አንባቢ ያስታውሳል። ለጫትና ለአትክልት መስኖ ያለ ገደብ በፓምፕ መሳቡ፣ ለሐረር ከተማ የመጠጥ ውሃ መወሰዱና ከዙሪያው ኮረብታ ታጥቦ የገባው ደለል ተደማምረው ነው ያደረቁት። ከቅርብ ዓመታት ወዲህ ውሃው መመለሱ መልካም ዜና ነው። ሆኖም ውሃ በብዛት ስላለ ብቻ ዕቅድ አያስፈልገውም ማለት ምን እንደሚያስከትል ከደጃችን ያለ ምስክር ነው።

የጣና ውጥንና የጦርነቱ ዓመታት

ተፈሪ በ1909 ዓ.ም. የዘውድ ወራሽና እንደራሴ ሆኑ። በ1916 ዓ.ም. ወደ ኢየሩሳሌም፣ ወደ ግብፅና ወደ አውሮፓ ተጉዘው የዘመኑን ሥልጣኔ ተመለከቱ። ውሃን በሚመለከት በዚያ ዘመን ዋናው ጉዳይ የጣና ሐይቅ ነበር። እንግሊዝና ግብፅ ለታችኛው የዓባይ ተፋሰስ መስኖ ሲሉ በጣና መውጫ ላይ ግድብ እንዲሠራ ይፈልጋሉ። ራስ ተፈሪ ግን ሥራው በኢትዮጵያ ፈቃድና ለኢትዮጵያም በሚጠቅም መንገድ እንዲከናወን በመሻት በ1920 ዓ.ም. ሐኪም ወርቅነህ እሸቴን ወደ አሜሪካ ላኩ። ሐኪም ወርቅነህም ጄ ጂ ዋይት ከተባለው የአሜሪካ የምህንድስና ኩባንያ ጋር ተነጋገሩ። የኩባንያው ባለሙያዎች ወደ ጣና መጥተው ጥናት አካሄዱ።

ተፈሪ ጥቅምት 23 ቀን 1923 ዓ.ም. ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ተብለው ዘውድ ጫኑ። የጣናው ውጥን ግን ከወረቀት አልወረደም። ፋሺስት ኢጣሊያ አገሪቱን ስትወር ሁሉም ነገር ተቋረጠ። ንጉሠ ነገሥቱም ሚያዝያ 24 ቀን 1928 ዓ.ም. ከአዲስ አበባ በባቡር ተነሥተው፣ በአዋሽ ሸለቆና በድሬዳዋ በኩል ወደ ጅቡቲ፣ ከዚያም ወደ ስደት አመሩ። ከአምስት ዓመት በኋላ ሚያዝያ 27 ቀን 1933 ዓ.ም. ወደ አዲስ አበባ ተመለሱ።

ከስደት መልስ በኋላ መንግሥታቸው ካተኮረባቸው ጉዳዮች አንዱ እርሻን በዘመናዊ መንገድ ማስፋፋት ነው። ዛሬ ኦክላሆማ ስቴት ዩኒቨርሲቲ ከሚባለው የአሜሪካ ተቋም ጋር በተደረገ ስምምነት የእርሻ ኮሌጅ በሐረማያ ተቋቋመ። ኮሌጁ ጥር 1950 ዓ.ም. በንጉሠ ነገሥቱ ሲመረቅ፣ በአገሪቱ በእርሻ ከፍተኛ ትምህርት የሚሰጥ ዋናው ተቋም ሆነ። የአፈር፣ የሰብልና የውሃ ባለሙያዎች ከዚያ መውጣት ጀመሩ። ቦታው ድሬዳዋን ቁልቁል ከሚያየው ደጋ ላይ መሆኑን ልብ ይሏል።

ቆቃ፦ የክረምቱን ውሃ ለበጋ

አዋሽ ከአዲስ አበባ በስተ ምዕራብ ከጊንጪ አካባቢ ተነሥቶ 1,200 ኪሎ ሜትር ያህል ይጓዛል። ባሕር ሳይደርስ በአፋር ምድር፣ በጅቡቲ ጠረፍ አቤ ሐይቅ ውስጥ ያበቃል። በሸለቆው መካከለኛና ታችኛው ክፍል ዝናቡ አነስተኛ ነው። አፈሩ ለም ነው፤ ሙቀቱም ለጥጥና ለሸንኮራ አገዳ ይስማማል። የሚጎድለው ውሃ በጊዜው ማግኘት ነበር። ወንዙ ከሐምሌ እስከ መስከረም ሞልቶ ዳርቻውን ያጥለቀልቃል፤ ከጥር በኋላ ደግሞ ቀጥኖ ይሄዳል።

በሸለቆው የመጀመሪያው ትልቅ የመስኖ እርሻ የተጀመረው በወንጂ ነው። ኤች ቪ ኤ የተባለው የሆላንድ ኩባንያ በኢንዶኔዥያ የነበረውን የስኳር ልምድ ይዞ በመምጣት ከኢትዮጵያ መንግሥት ጋር ተዋዋለ። ረግረጋማና የወባ መራቢያ የነበረው ቦታ ተጠንፍፎ በአገዳ ተሸፈነ። ፋብሪካው መጋቢት 1946 ዓ.ም. ሥራ ጀመረ። ነገር ግን ወንዙ እስካልተገራ ድረስ እርሻው በክረምት ለጎርፍ፣ በበጋም ለውሃ እጥረት የተጋለጠ ነበር።

መፍትሔው ከወንጂ በላይ ቆቃ ላይ ተገኘ። በ1939 ዓ.ም. በፓሪስ የተፈረመው የሰላም ውል ኢጣሊያ ለኢትዮጵያ 25 ሚሊዮን ዶላር የጦር ካሳ እንድትከፍል ይደነግግ ነበር። የካሳው ጉዳይ ብዙ ድርድር ካለፈ በኋላ የቆቃ ግድብ ከዚሁ በተገኘ ገንዘብ ተሠራ። ንጉሠ ነገሥቱም በ1952 ዓ.ም. መረቁት። ከግድቡ በስተኋላ የተኛው ሰው ሠራሽ ሐይቅ ገሊላ ተባለ። ግድቡ 43 ሜጋ ዋት ያህል ኤሌክትሪክ ከማመንጨቱም በላይ ለሸለቆው የነበረው ፋይዳ የክረምቱን ሙላት ይዞ በበጋ ቀስ በቀስ መልቀቁ ነው። አንድ ግድብ ሁለት ሥራ ሠራ፤ የታችኛውን ተፋሰስ ከጎርፍ ጋረደ፣ በበጋም የመስኖ ውሃ ሰጠ። ያለ ቆቃ የመተሐራ፣ የአሚባራና የተንዳሆ ሰፋፊ እርሻዎች ባልተስፋፉ ነበር።

አንድ ወንዝ፣ አንድ ባለሥልጣን

ከግድቡ ቀጥሎ የመጣው የአስተዳደር ጥያቄ ነበር። ላይ ያለው እርሻ ውሃውን በብዛት ከወሰደ ታች ያለው ይደርቃል። አንዱ በማሳው ዳር የጎርፍ መከላከያ ቢሠራ ጎርፉ ወደ ጎረቤቱ ይዞራል። ወንዙ በበርካታ አውራጃዎች ስለሚያልፍ አንድ የአውራጃ ገዥ ብቻውን ሊዳኘው አይችልም።

የንጉሠ ነገሥቱ መንግሥት ለዚህ የሰጠው መልስ በ1954 ዓ.ም. የአዋሽ ሸለቆ ባለሥልጣንን ማቋቋም ነው። ባለሥልጣኑ የሸለቆውን ውሃና መሬት ልማት የማቀድ፣ የውሃ አጠቃቀም የመፍቀድና የመቆጣጠር ኃላፊነት ተሰጠው። በአውራጃ ወሰን ሳይሆን በተፋሰስ ወሰን የሚሠራ መሥሪያ ቤት በአገራችን ሲቋቋም የመጀመሪያው ነበር። በዚያው ጊዜ የተባበሩት መንግሥታት የምግብና የእርሻ ድርጅት፣ ሶግሬያ ከተባለ የፈረንሳይ አማካሪ ድርጅት ጋር የተፋሰሱን ጥናት አካሄደ። የወንዙ ፍሰት ተለካ። የአፈሩ ዓይነት ተመረመረ። ግድብ ሊሠራባቸውና መስኖ ሊዘረጋባቸው የሚችሉ ቦታዎች ተለዩ። የጥናቱ ውጤት የወጣው በአውሮፓውያን አቆጣጠር በ1965 ነው። በመልካ ወረር የተቋቋመው የምርምር ጣቢያም በመስኖ የሚለማ ጥጥን ማጥናት ጀመረ።

እርሻዎቹ በፍጥነት ሰፉ። በታችኛው አዋሽ ሚቸል ኮትስ የተባለው የእንግሊዝ ኩባንያ ከመንግሥት ጋር በአክሲዮን የተንዳሆን የጥጥ እርሻ አቋቋመ። በ1960ዎቹ መጀመሪያ ላይ ኤች ቪ ኤ በመተሐራ ሁለተኛ የስኳር ልማቱን ሥራ አስጀመረ። በመካከለኛው አዋሽ በአሚባራና በመልካ ሰዲ ጥጥ አምራቾች ሰፈሩ። በንጉሠ ነገሥቱ ዘመን ማብቂያ በሸለቆው በመስኖ የሚለማው መሬት ወደ 50 ሺህ ሄክታር ተጠግቶ ነበር። ጥጡ የድሬዳዋውን ጨምሮ ለአገር ውስጥ የጨርቃጨርቅ ፋብሪካዎች ግብዓት ሆነ። በምህንድስናም ሆነ በምርት ሲመዘን ይህ ቀላል ውጤት አይደለም።

ባዶ ያልነበረው መሬት

ዕቅዱ ግን አንድ ትልቅ ስሌት ጎድሎት ነበር። በካርታው ላይ ያልታረሰ ተብሎ የተመለከተው የወንዝ ዳር መሬት ባዶ አልነበረም። በላይኛው ሸለቆ ከረዩዎች፣ ከዚያ በታች አፋሮች ለዘመናት ሲጠቀሙበት ኖረዋል። የአዋሽ ሙላት በክረምት ዳርቻውን አጥለቅልቆ ሲመለስ እርጥበትና ደለል ትቶ ይሄዳል። በዚያ ላይ የሚበቅለው ሣር ከብቱን በበጋ ያሻግራል። ስለዚህ ለኢንጂነሩ ጥፋት የሆነው ጎርፍ ለአርብቶ አደሩ የበጋ መኖ ነበር።

የዚህን ክብደት ለመረዳት የአርብቶ አደሩን ዓመት ማየት ይበቃል። ዝናብ ሲጥል መንጋው ከወንዙ ርቆ በሰፊው ሜዳ ይሰማራል። ሜዳው ሲደርቅ ደግሞ ሁሉም ወደ ወንዙ ይመለሳል። የወንዝ ዳሩ ግጦሽ ከጠቅላላው መሬት ሲነጻጸር ጠባብ ነው፤ ነገር ግን የቀረውን ሰፊ ሜዳ ጥቅም ላይ የሚያውለው እሱ ነው። ጠባቡ መሬት በአገዳና በጥጥ ሲያዝ የጠፋው ያ የታረሰው ሄክታር ብቻ አይደለም። መንጋው በጋውን የሚያልፍበት ቦታ ስላጣ የሩቁ ሜዳም ዋጋ አጣ። በዚያ ላይ ቆቃ ሙላቱን ሲይዝ፣ በማሳ ያልተያዘው የወንዝ ዳር ግጦሽም የቀድሞውን ያህል በውሃ አልሸፈን አለ።

ለዚህ መንገድ የከፈተ የሕግ መሠረትም ነበር። ንጉሠ ነገሥቱ በ25ኛው የዘውድ በዓላቸው በ1948 ዓ.ም. ያወጡት የተሻሻለው ሕገ መንግሥት በግለሰብ ስም ያልተያዘን መሬት፣ የግጦሽ መሬትንና የውሃ መስመሮችን ጨምሮ፣ የመንግሥት ይዞታ አድርጎ ደንግጓል። የአርብቶ አደሩ መሬት በጎሳ በጋራ የሚያዝ እንጂ በግለሰብ ስም የተመዘገበ ስላልነበረ፣ መንግሥት ለኩባንያዎች ሲሰጠው ከሕጉ አንጻር የሚያግደው አልነበረም። በመተሐራ አካባቢ ከእርሻው ሌላ የአዋሽ ብሔራዊ ፓርክም ሲከለል የከረዩ ግጦሽ ይበልጥ ጠበበ።

ችግሩ ጨርሶ አልታየም ማለት አይደለም። ባለሥልጣኑ በአሚባራ አፋሮችን በመስኖ እርሻ የማስፈር ሥራ ጀምሮ ነበር። ይሁን እንጂ ሥራው ኩባንያዎቹ ከያዙት መሬት ጋር ሲነጻጸር በጣም ትንሽ ነበር። በአውሳ ግን ሌላ ዓይነት ልምድ ታየ። የአውሳው ሱልጣን ቢትወደድ ዓሊ ሚራሕ ሐንፈሬ መሬቱ በሕዝባቸው እጅ እንዲቆይ ከማዕከላዊው መንግሥት ጋር እየተደራደሩ ራሳቸውም ሕዝባቸውም ወደ ጥጥ እርሻ ገቡ። አካባቢው ከድሮም በአዋሽ ሙላት የማረስ ልምድ ነበረው። አርብቶ አደሩ መስኖ አይወድም የሚባለው አስተያየት ልክ አለመሆኑን አውሳ አሳይቷል። መሬቱና ውሃው በእጁ እስካለ ድረስ ሰው አዲስ ሥራ ለመልመድ ወደ ኋላ አላለም።

የመጨረሻዎቹ ዓመታት

በ1964 ዓ.ም. ዝናብ አጠረ፤ በ1965 ዓ.ም. ድርቁ ጠና። ቀድመው ከተመቱት መካከል የአፋር አርብቶ አደሮች ነበሩ። በቀደሙት የድርቅ ዘመናት መንጋው የሚሸሸው ወደ አዋሽ ዳር ነበር። በዚህኛው ጊዜ ግን ከወንዙ ዳር ብዙው መሬት በጥጥ ተይዞ ቆየ። ድርቁን ያመጣው መስኖው አይደለም፤ ድርቁን የሚያመልጡበትን መንገድ ግን አጥብቦታል። ረሃቡ በወሎ ገበሬ ላይ የደረሰውን እልቂት ጨምሮ ለሕዝብ ሲገለጥ የንጉሠ ነገሥቱ መንግሥት ችግሩን በጊዜው ባለመናገሩና እርዳታ በማዘግየቱ ክፉኛ ተወቀሰ። መስከረም 2 ቀን 1967 ዓ.ም. ከዙፋናቸው ወረዱ።

በዚያው ዓመት የካቲት ወር የገጠር መሬት የሕዝብ ሀብት እንዲሆን ሲታወጅ በአዋሽ ሸለቆ የነበሩት የኩባንያ እርሻዎች የመንግሥት እርሻ ሆኑ። ባለቤቱ ተለወጠ፤ የወንዝ ዳሩ ግጦሽ ግን ወዲያው አልተመለሰም። ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ በእስር ላይ እንዳሉ ነሐሴ 21 ቀን 1967 ዓ.ም. በ83 ዓመታቸው አረፉ። አፅማቸው በአዲስ አበባ መንበረ ጸባዖት ቅድስት ሥላሴ ካቴድራል በክብር ያረፈው ከ25 ዓመት በኋላ ጥቅምት 26 ቀን 1993 ዓ.ም. ነው።

የአዋሽ ሸለቆ ባለሥልጣን ከለውጡ በኋላ ከሌሎች ሸለቆዎች ጋር በአንድ መሥሪያ ቤት ሥር ተጠቃለለ። በንጉሠ ነገሥቱ ዘመን በጥናት ይታዩ ከነበሩት መካከል በከሰምና በተንዳሆ ግድብ የተሠራው ብዙ አሥርት ዓመታት ቆይቶ ነው። ሁለት የዕቅዱ ጉድለቶችም በጊዜ ሂደት ጎልተው ወጡ። አንደኛው ደለል ነው። የላይኛው ተፋሰስ ደጋ ሳይታከም ግድብ ስለተሠራ በየክረምቱ ታጥቦ የሚመጣው አፈር የቆቃን የመያዝ አቅም ክፉኛ ቀነሰው። ሁለተኛው ጨው ነው። በመካከለኛው አዋሽ ውሃ ወደ ማሳ የሚያስገባው ቦይ እንጂ ትርፉን የሚያወጣው ማፋሰሻ በጊዜው አልተሠራም። የከርሰ ምድር ውሃ ከፍ እያለ፣ ፀሐይም ውሃውን እያተነነች ጨዉን አፈሩ ላይ ትታ ሄደች። በዚህም የተነሣ በአሚባራና በመልካ ሰዲ ለም የነበረ ሰፊ መሬት ከምርት ውጭ ሆነ።

ለድሬዳዋና አካባቢዋ

የአዋሽ ዕቅድ ያተኮረው በዋናው ወንዝ ዳር በሚገኘው ሰፊ ሜዳ ላይ ነበር። እንደ ደቻቱ ያሉት፣ ዓመቱን ደርቀው ቆይተው ባንድ ሌሊት የሚሞሉት ወንዞች ያን ያህል ትኩረት አላገኙም። የ1998ቱ ጎርፍ ካለፈ በኋላ በከተማዋ የመከላከያ ግንቦች ተሠርተዋል። ግንብ ሰውን ያድናል፤ ነገር ግን የተፋሰስን ሥራ አይተካም። ጎርፉ የሚጀምረው ከድሬዳዋ አስተዳደር ወሰን ውጭም ጭምር ባለው ደጋ፣ እርከን በሌለው ማሳና በተመነጠረ ኮረብታ ላይ ነው። የላይኛው ወረዳ ገበሬ እርከን ሲሠራ የሚጠቀመው የራሱ አፈር ብቻ ሳይሆን የቀፊራ ነጋዴም ሕይወት ነው። ይህን ሥራ ደጋውና ቆላው በጋራ ካላቀዱት አንዱ ወገን ብቻውን ሊወጣው አይችልም። በ1954 ዓ.ም. የተቋቋመው ባለሥልጣን በአውራጃ ሳይሆን በተፋሰስ ወሰን መሥራቱ ትክክል የነበረውም ለዚሁ ነው።

ሌላው ትምህርት ጎርፍን እንደ ጠላት ብቻ አለማየት ነው። ከከተማዋ በታች ባለው ሜዳ ጎርፍ ወደ ማሳ መርተው ማሽላ የሚያመርቱ ገበሬዎችና ጎርፍ ባራሰው መሬት ላይ ከብት የሚያሰማሩ አርብቶ አደሮች አሉ። ላይ ያለው ውሃ በሚጠለፍበት ጊዜ ለእነዚህ ወገኖች ምን ያህል እንደሚቀርላቸው አስቀድሞ መሰላት አለበት። መሬቱ በማን ስም እንደተመዘገበ ብቻ ሳይሆን፣ በየወሩ ማን ምን እንደሚሠራበት ቦታው ድረስ ሄዶ ከተጠቃሚው ጋር መመዝገብ የዕቅድ የመጀመሪያ ሥራ ነው። በአዋሽ ሸለቆ ይህ ባለመደረጉ የደረሰው ጉዳት ከግማሽ ምዕተ ዓመት በኋላም ተጠግኖ አላለቀም።

ለገበሬውም የሚሆን አለ። የመስኖ ቦይ ሲቆፈር ማፋሰሻውም አብሮ ይቆፈር። ማሳ ላይ ነጭ ነገር መታየት ሲጀምር ለልማት ጣቢያ ባለሙያ ማሳወቅ፣ ምርት ካቆመ በኋላ ከመጨነቅ ይሻላል። ከጉድጓድ በፓምፕ ውሃ የሚስብም ጎረቤቱ ከዚያው ውሃ እንደሚስብ አይዘንጋ። የሐረማያ ሐይቅ የደረቀው አንድ ሰው ብዙ ስለወሰደ ሳይሆን ብዙ ሰው እያንዳንዱ ጥቂት ጥቂት ስለወሰደ ነው።

ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ በረጅም የሥልጣን ዘመናቸው ስለ ብዙ ነገር ይወደሳሉ፣ ስለ ብዙ ነገርም ይወቀሳሉ። በአዋሽ ውሃ ረገድ ሁለቱም ይገባቸዋል። ወንዙን ከምንጩ እስከ መድረሻው እንደ አንድ አካል አይቶ ማቀድን አስጀምረዋል። በወንዙ ዳር ይኖር የነበረውን ሕዝብ ግን ዕቅዱ ሳይቆጥረው ቀርቷል። የዛሬው የመስኖና የጎርፍ መከላከል አቃጅ ከእሳቸው ዘመን የተሻለ መሣሪያና የተማረ የሰው ኃይል አለው። ደጋው ላይ ያለውን አራሽ፣ ቀፊራ ላይ ያለውን ነጋዴና ሜዳው ላይ ያለውን አርብቶ አደር በአንድ መዝገብ ላይ ማስፈር ከቻለ፣ ያኔ ተጀምሮ የጎደለውን ሥራ ይሞላል።